ለበሽተኛ ማሽላ ይሰጣል እንዴ?

እኛ ቆቦዎች በሽተኛ ልንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ባዶ እጁን የሄደውን ሰው በሽተኛው ባይታዘበው አስታማሚው ይታዘበዋል፣ አስታማሚው ቢረሳው ጎረቤት አይረሳውም። ስለዚህ መንገዳችን ላይ ካለው ሱቅ ጎራ እንላለን። ባለሱቁ ፊታችንን አይቶ «ለበሽተኛ ነው?» ይላል፤ መልሳችንን ሳይጠብቅም የማንጎ ጭማቂ፣ ብስኩትና ሙዝ በፌስታል አድርጎ ያቀብለናል። ሰውየው ሐኪም አይደለም። ግን በከተማችን በሽተኛ ምን እንደሚበላ የሚያዘው እሱ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ ለበሽተኛ ማሽላ ይዞ የሄደ አለ? እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም ይዤ ሄጄ አላውቅም። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለውን ሜዳ በመስከረም ያየ ሰው ማሽላ አላየሁም ቢል ዋሽቷል። በቂጣው ጥርስ አብቅለን፣ በጥንቅሹ ያንኑ ጥርስ ሰብረን፣ በእሸቱ ሆዳችንን ነፍተን ያደግን ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ እንግዳ ሲመጣ ማሽላችን ከጓዳ አይወጣም፤ ሰው ሲታመምብን ደግሞ ስሙም አይነሳም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶች። እኛ መዳቡንም አፍረንበት ደብቀነዋል።

ይህን የምለው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ነገር ከሁሉ የከፋሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ሜዳ የግብርና ባለሙያ ነበርሁ። ሥራዬም፣ በአጭሩ ልንገራችሁና፣ ገበሬውን ከጉድጓዱ ማፋታት ነበር። የራያ ገበሬ ማሽላውን መሬት ቆፍሮ ይቀብራል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውስጡን በጭድ ይለብጣል፣ እህሉን ይሞላል፣ በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይደፍናል። እዚያ ውስጥ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይተኛል። ሲወጣ ግን እንደ ገባ ሆኖ አይወጣም፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታውም ሌላ ነው። ትንሽ የኮመጠጠ፣ ትንሽ አፈር አፈር የሚል ሽታ ነው። የለመደው ሰው ከሩቅ ይለየዋል፤ ያልለመደው አፍንጫውን ይይዛል። እኔም የድምፅ ማጉያ ይዤ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርሁ «የጉድጓድ እህል የሻገተ እህል ነው! ልጆቻችሁን የሻገተ አታብሉ!» ስል ኖሬአለሁ።

ውሸት ነበር? አልነበረም። ጉድጓዱን ዝናብ ሲያገኘው ዳር ዳሩ ያለው እህል ይሻግታል፤ የሻገተ እህልም ይጎዳል። ገና የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ የገባ ሰው በታፈነው አየር ወድቆ ሳይነሳ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የዳሩን ነገር ለመሐሉም ሰጠሁት። ገበሬው ዳሩን ከመሐሉ ለይቶ ማውጣት ከአያቶቹ የተማረ መሆኑን አንድ ቀንም አልጠየቅሁም። ባለሙያ ይናገራል እንጂ አይጠይቅማ!

ለምክሬ ምላሹን በምሳ ሰዓት አገኘው ነበር። በየቤቱ «ባለሙያው መጣ» ተብሎ ማካሮኒ ይቀቀልልኛል፣ ከጎረቤት የጤፍ እንጀራ ይለመንልኛል። እኔ ስመጣ የሻገተ ነው ብለው የደበቁትን፣ እኔ ስሄድ አውጥተው ይበሉታል። አንድ ሰው ብቻ ነበር የማይደብቅ። አያ ሰይድ ይባላል፤ ከሮቢት ትንሽ ወጣ ብሎ ነው ቤቱ። መጀመሪያ በተገናኘን ዕለት ንግግሬን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከዚያ ቤቱ ወሰደኝና የጉድጓድ ማሽላ ቂጣ ከእርጎ ጋር ከፊቴ አስቀመጠ።

«በመጀመሪያ ብላ» አለኝ፤ «ኸዚያ ትሰድበዋለህ።»

በላሁ። ጣፈጠኝ። ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ በእግሬ ስኳትን ውዬ ሆዴ አልጎደለብኝም። ሪፖርቴ ላይ ግን አልጻፍሁትም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ገበሬ እኔ ደመወዝተኛ ሆነን፣ እንደ ወንድም ኖርን። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አንቱ ስለው ግን ይቆጣ ነበር። እሱ እኔን እስከ መጨረሻው «ባለሙያው» እንዳለኝ ቀረ። ሲያሞግሰኝ ይሁን ሲያሾፍብኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ባለፈው በጋ አያ ሰይድ ታመመ። ሆስፒታል ገባ፣ ተመረመረ፣ መድኃኒት ተሰጠውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐኪሙ ለልጁ ለእንድሪስ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነበር፤ ካልበላ መድኃኒቱም አይረዳውም፣ እሱም አይቆይም። አያ ሰይድ ደግሞ እህል እንቢ አለ። በተኛ በሦስተኛው ሳምንት ጭማቂዬን አንጠልጥዬ ስሄድ፣ አልጋው ሥር የተደረደረው የጭማቂ ካርቶን ለትንሽ ሱቅ ይበቃ ነበር። የሰውየው አንገት ቀጥኗል፤ አንድ ጉንጭ ወተት ተጎንጭቶ አንድ ጉንጭ ይተፋል።

«አያ ሰይድ፣ እንዴት ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለና ፈገግ አለ። ማሽላ እያረረ ይስቃል ማለት ይህ ነው። ፈገግታውን ሳይ ማልቀስ አማረኝ፤ አፍሬ ያዝሁት እንጂ።

የምታስታምመው ምራቱ ዘይነብ ናት፤ የእንድሪስ ሚስት። እውነቱን ልናገርና፣ የወለዳት ልጁ ብትሆን ከዚያ በላይ አታደርግለትም ነበር። ሌሊት አትተኛም፣ ቀን አትቀመጥም። ጭማቂውን በማንኪያ፣ ብስኩቱን በወተት አርሳ፣ ሙዙን በሹካ ጨፍልቃ ታቀርባለች። እሱ ፊቱን ያዞራል። እሷ ትወጣና ከደጅ አልቅሳ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ መጥቷል፤ አንድ ነገር የጠየቀው ግን የለም። እኔም ያን ዕለት የጠየቅሁት ብልህ ሆኜ አይደለም፤ የምለው ቢጠፋኝ ነው።

«ምን አማረህ?» አልሁት።

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ኸጉድጓዱ» አለ በመጨረሻ። «የጉድጓዱ ማሽላ። ገንፎ።»

ዘይነብ ደነገጠች። «ኧረ አባባ! ለበሽተኛ ማሽላ ይሰጣል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል? እማማ መሬማ ቢገቡ ምን ይሉኛል?»

እማማ መሬማን የማያውቅ የሠፈሩ ሰው የለም። አጥር የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው። በሽተኛ ሲጠይቁ ከበሽተኛው ቀድመው ድስቱን ያያሉ። የማን ምራት አማቷን ምን እንዳበላች እሳቸው ከመዘገቡት ያ ነገር ተመዘገበ። ዘይነብ ሞትን የምትፈራውን ያህል እሳቸውን ትፈራለች ብል ብዙም አላጋነንሁም።

ጉድጓዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ በተሰደደበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ አያ ሰይድ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ማሽላውን ከበረቱ ሥር ቀብሮ፣ ላዩን እበት አልብሶት ሄደ። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር፤ በርና መስኮቱ እንኳ አልተረፈም። ጉድጓዱን ግን ማንም አላገኘውም። የተቀበረውም ደጋሊት የሚባለው፣ አገዳው ቤት የሚያህል፣ ለመድረስ የሚዘገይ የድሮ ዘር ነው፤ እኔ ራሴ «ዝናቡ አጥሯልና ተዉት» ብዬ ያስተውሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቸገራቸው። እንድሪስ «እንክፈተው» ባለ ቁጥር አባትየው «ለክፉ ቀን ነው» እያለ ይመልሰው ነበር።

አሁን ከአልጋው ሆኖ ልጁን አስጠራ። «እንድሪስ፣ ክፉው ቀን መጥቷል፤ ክፈተው» አለው።

በማግሥቱ በረቱ ተጠረገ፣ ድንጋዩ ተነሳ። የታፈነው አየር ይውጣ ተብሎ ጉድጓዱ ተከፍቶ ውሎ አደረ። ጠዋት ኩራዝ በገመድ አስረን ስናወርድ እሳቱ ጠፋብን፤ አየሩ ገና አልጠራም ብለን ጠበቅን። ከረፋዱ በኋላ ስናወርደው እየነደደ ቆየ። ያኔ እንድሪስ ወገቡን በገመድ ታስሮ ገባ፤ ገመዱን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ለዘመናት የተቃወምሁትን ጉድጓድ በገመድ ጫፍ ይዤ ስቆም ማን አየኝ ብዬ ዞር ዞር አልሁ። መጀመሪያ የወጣው የዳሩ ነበር፤ የጠቆረ፣ የተጣበቀ፣ የሚጣል። ከዚያ የመሐሉ መጣ። ሽታው በረቱን ሞላው፣ ግቢውን ሞላው፣ ቤት ገባ። አያ ሰይድ ከተኛበት ሆኖ «መጣ» አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ስሕተቱ ተሠራ። ስሕተቱም የፍቅር ስሕተት ነው። ዘይነብ ማሽላውን ተቀበለችና አጠበችው። አንድ ውሃ አልበቃትም፤ ሦስት ውሃ ቀየረች። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ወፍጮ ቤት አስፈጭታ ስታየው ደግሞ ጠቆረባትና ነጭ የስንዴ ዱቄት ጨመረችበት። ገንፎው ቀርቦ ሳየው እንደ ሠርግ ቤት ገንፎ ነጥቷል፤ እርጎው ዙሪያውን ከብቦታል። እኔም እንድሪስም አልጋው አጠገብ ቆመን እናያለን።

አያ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ አንዲት ጉርሻ ተቀበለ። አላመጠም። አፉ ውስጥ ይዞ ቆየና አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራት።

«የማን ነው ይኼ?»

«የጉድጓዱ ነው አባባ፣ ወላሂ የጉድጓዱ ነው።»

«ጉድጓዱ የታለ?» አላት።

ተቆጥቶ አይደለም። ልጅ እቃው ጠፍቶበት እንደሚጠይቅ ነው የጠየቃት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘይነብ ሳህኑን ይዛ እዚያው ቁጭ አለች፤ እንባዋ ገንፎው ላይ ይንጠባጠባል።

«ሽታውን ብዬ ነው» አለች። «ሽታውን ላስለቅቅለት ብዬ። ለታመመ ሰው የሻገተ አበላች እንዳይሉኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

የሻገተ አለች። ቃሉን አወቅሁት። ዘይነብ ልጅ ሆና በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣ ወይ ከስብሰባው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ከእኔ አፍ የሰማችው ቃል ነው። ያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። የጠላሁት ሻጋታን ነበር፤ ያስጠላሁት ግን የሰውን የገዛ ቤቱን ሽታ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ርቦት ተኝቷል፤ እህሉ ከበረቱ ሥር ሞልቷል፤ በመካከላቸው የቆመው የእኔ ድምፅ ማጉያ ነው።

«ዘይነብ» አልኋት፣ «ያን ቃል ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ወንፊትና ሰፌድ አምጪ።»

አየችኝ። እንድሪስም አየኝ። ጡረተኛ ወንድ ሰፌድ ሲያስመጣ አይተው አያውቁም። ተቀመጥን። ገና ካልታጠበው ከመሐሉ ማሽላ አወጣች፤ ፍሬ በፍሬ ለቀምነው። የነቀዘውን፣ የጨለመውን፣ የተጣበቀውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ አደረግን። እኔ ቀስ እያልሁ ስለቅም እሷ በአንድ ጊዜ ስድስት ፍሬ ታነሳለች፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ አባባ ለመጪው ዓመት ነው የሚበሉት» ብላ ሳቀችብኝ። ከሳምንታት በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ውሃ አልነካውም። በንጹሕ ጨርቅ ብቻ አሸችውና ወፍጮ ቤት ሳትልክ በድንጋይ ፈጨችው።

ሁለተኛው ገንፎ ጥቁር ቡናማ ነበር። ቤቱ ሸተተ። ዘይነብ ተነስታ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ እጇ መዝጊያው ላይ ቆየና ተወችው።

አያ ሰይድ ገና ሳህኑ ሳይደርስ ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። አጎረሰችው። ዋጠ። አፉን ከፈተ። ደግማ አጎረሰችው፤ ዋጠ። ስድስተኛው ላይ መቁጠር አቃተኝ፤ ዓይኔ አላይ አለኝ። ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ስደበው» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ በላ። በአራተኛው ቀን ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። በስድስተኛው ቀን ከእኔ ጋር ተጣላ፤ ደጋሊትን በስንት ሳምንት ያብባል በሚል። የታመመ ሰው ለመጣላት ከበቃ ተስፋ አለው ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ጎርፉ፣ ከዞብል ተራራ የሚመጣውን ውሃ አባቱ እንዴት ወደ ማሳው ይመልስ እንደ ነበር፣ የትኛው ማሽላ ለቂጣ፣ የትኛው ለንፍሮ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን አወራኝ። እኔ በኮርስ ያልተማርሁትን ከዚያ አልጋ ሥር ተማርሁ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ዘይነብ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፤ አንዳንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር።

ማሽላ አዳነው ብዬ አልዋሻችሁም። በሽታው በሽታ ነው። አያ ሰይድ ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አይሞላም። አንድ ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ጠዋት ገንፎውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዱዓ አድርጎ፣ ጋደም አለና አለፈ። ነፍሱን ይማረው። ሞት ለማንም አይቀርም፤ ግን ርቦት መሞትና የራሱን እህል ጠግቦ መሞት አንድ አይደለም። ይህንን ሐኪምም ባለሙያም ላይጽፈው ይችላል፤ አጠገቡ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ለቅሶው ላይ ሰዉ ከየቀበሌው መጣ። ወንዶች ከዳሱ በአንድ ወገን፣ ሴቶች ከሸራው ማዶ ተቀመጥን። እኔ ቦታ አጥቼ ሸራው ሥር ስለተቀመጥሁ ዓይኔ ከወንዶቹ ጋር፣ ጆሮዬ ከሴቶቹ ጋር ነበር። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ጋብ ሲል አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። ሟቹ መጨረሻ ላይ ምን አለ፣ ምን ቀመሰ ይባላል። አስታማሚ የምትመሰገነውም የምትታማውም በዚያች መልስ ነው። ዘይነብ ወተት ነው ብትል፣ ጭማቂ ነው ብትል፣ ማንም ምንም አይላትም። ካርቶኑም እዚያው አልጋው ሥር ምስክር ሆኖ ተደርድሯል።

«መጨረሻ ምን ቀመሰልሽ ልጄ?» የሚለው ድምፅ መጣ። የእማማ መሬማ ድምፅ ነው።  እኔም ጆሮዬን ወደ ሸራው አስጠጋሁ።

ዘይነብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ወንዶቹም እስኪሰሙ ድረስ፣ «ማሽላ ነው» አለች። «የጉድጓድ ማሽላ ገንፎ። ሳላጥበው፣ በእጄ አጉርሼው ነው የሄደ።»

ከሸራው ማዶ አንዲት ሴት ስትሳል ሰማሁ። ሌላዋ ልብሷን ስታስተካክል ሰማሁ። እንድሪስ አንገቱን ደፍቷል። አሁን እማማ መሬማ የሚሉት ይባላል፣ ዘይነብም ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ አሮጊቷ ወደ እሷ ሲጠጉ ምንጣፉ ተንኮሻኮሸ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ባልሰማ ይሻል ነበር፣ ግን ሰማሁ።

«ተርፏል?»

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ኸዚያ ማሽላ ተርፏል ወይ? ያ የኔም ሰውዬ እህል እንቢ ኻለኝ ወሩ ነው። ጭማቂ ሳጠጣው እውላለሁ፤ እሱ አንዲት ቀን ማሽላ አለኝ፣ እኔ አፍሬ ዝም አልሁት። አንቺን አፍሬ ነው።»

ሐዘንተኛ ከተቀመጠችበት አትነሳም፤ የሚላላከው ሌላ ሰው ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዘይነብ ተነሳች። በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ በሸራው ሥር ወጥታ፣ ሰዉ ሁሉ እያያት ወደ ጓዳ ገባች። አንድ ቁና ማሽላ በሻርፕ ቋጥራ፣ ሸራውን እንደ ገለጠች ተመለሰችና ከአሮጊቷ ጭን ላይ አኖረችላቸው።

«እንዳያጥቡት ብቻ» አለቻቸው።